የወተት ሴቶች ቃለ ጉባኤ

የታሰርኩበትን ክፍል መጀመሪያ ያየሁት በጭጋግ ውስጥ ነው። የሱሉልታ ጠዋት በትንሿ መስኮት ገብቶ ወለሉ ላይ ተኝቷል፤ ሴቶቹ ከውስጡ አንድ በአንድ ብቅ አሉልኝ። ነጠላዬን ደረቴ ላይ ሰብስቤ ቆምኩ። የስምንት ወር ልጄን ሳላጠባ ነበር የወሰዱኝ፤ ወተቱ ቀሚሴን አርሶታል።

አንዲት አዛውንት ከፍራሻቸው ጠጋ አሉልኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺን ደግሞ በምን ያዙሽ?»

«በስብሰባ፣ አዴ። የግብር ስብሰባ።»

አራት ሆነን ወተት እየገዛን እርጎና አይብ እንሸጣለን፤ ፈቃዳችን ለየብቻ ነው። ትልቅ ፍሪጅ በጋራ ለመግዛት ድርጅት እናቋቁም ተባብለን እኔ ቤት ተሰበሰብን። አንዷ ግብር ቢሮ ጠይቃ መጥታ ነበር። ለየብቻ ስንሆን ከእያንዳንዳችን ትርፍ መጀመሪያ ላይ ግብር የማይነካው አለ። ድርጅት ከሆንን ግን ድርጅቱ ከመጀመሪያዋ ብር ጀምሮ ይከፍላል፤ ትርፉን ስንካፈል ደግሞ እንደገና ይቆረጥብናል። ይቅርብን ብለን ተለያየን።

እኔ ግን ጥንቃቄ አበዛለሁ። ቃለ ጉባኤ ያስፈልጋል ሲሉ ሰምቼ፣ ደብተር ላይ «ሊቀመንበር» ብዬ የራሴን ስም፣ ከሥሩ «አባላት አራት» ብዬ ጽፌ ነበር። ያን ሰሞን በግብር የተነሳ ሱቆች በአድማ ተዘግተው ነበርና ቤት ለቤት ሲፈተሽ ደብተሩ ተገኘ።

«እኔ በልጄ ፖለቲካ፣ አንቺ በፍሪጅ!» አሉ አዛውንቷ። ሁሉም ሳቁ። ሳቃቸው ከሜዳ ማዶ የሚመጣ መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው አስጠራኝ።

«ነይ፣ ሊቀመንበር» አለና የተጻፈ ወረቀት ገፋልኝ። «የሦስቱን ስም ሙይ፣ ፈርሚ፣ ሂጂ ልጅሽን አጥቢ።»

ትምህርት ያቆምኩት ከአራተኛ ክፍል ነው። በጣቴ እየተከተልኩ ማንበብ ጀመርኩ።

«ፈርሚ እንጂ! ፈተና አደረግሽው?»

«ጌታዬ፣ ሳላነብ ፈርሜ አላውቅም።»

ፊደሎቹ ይዋኛሉ። በመካከላቸው የልጄ ፊት ይመጣል፣ ይሄዳል። አራታችን ሕዝብ ለማሳመፅ እንደተሰበሰብን ይላል፤ ለሦስቱ ስም ሦስት ባዶ መስመር ተትቷል። እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ከዚያ መስመሮቹን ሳልሞላ ወደ እሱ መለስኩለት።

«እኛ የተነጋገርነው ይሄን አይደለም» አልኩ።

«እንግዲያው እዚሁ ክረሚ።»

ስመለስ አዛውንቷ ጀርባዬን አሹልኝ። ዓይኔን ስጨፍን ክፍሉ በቀስታ የሚሄድ ነገር ይመስል ነበር።

ዘጠኝ ቀን አቆይተው ሳልፈርም ለቀቁኝ። ቤት ስገባ ልጄ ጡቴን አይታ ፊቷን አዞረች።

አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። ሦስቱ የወተት ሴቶችም ዛሬ ድረስ በየፈቃዳቸው ይሠራሉ፤ ጠዋት ጠዋት ከመንገዱ ማዶ ሰላም ይሉኛል። ስለ ሦስቱ ባዶ መስመሮች ነግሬያቸው አላውቅም። ቢሰሙ እንቅልፍ ያጣሉ።