በሁለቱ መሃል የተቀመጠችው ሰሊጥ

ከአብርሃ ጅራ የተደወለልኝ ዕለት ክፍል ገብቼ እያስተማርሁ ነበር። የባለቤቴ የሙላት ወንድም ነበር፤ ሙላት የነበረበት ትራክተር እንደተገለበጠ፣ እሱም ትንሽ እንደተጎዳ ነግሮኝ ወደ ቤት እንድገባ ለመነኝ። ገንዳ ውሃ ከተማ ካለው ግቢያችን ስደርስ ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። የሚነግረኝ ሰው አላስፈለገኝም። ከዚያ ወዲህ እንዳይጠፋብኝ የምጽፈው ብዙ ነው፤ ይህ አንዱ ነው።

ልጅ ሳለሁ አባቴ ሽንፋ አጠገብ ሰሊጥ ያርሱ ነበር። የታጨደው ሰሊጥ ታስሮና ተገትሮ እስኪደርቅ፣ ሲመሽ ሠራተኞቹ እሳት ዙሪያ ይቀመጡና አባቴ ተረት ያወሩላቸዋል፤ እኔም ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ እሰማለሁ። ያኔ በአጨዳ ወቅት ከትምህርት ቤት የሚቀረው ልጅ ብዙ ነበር። እኔ ደግሞ የፊዚክስ ፈተና ወደቅሁና አባቴ ትምህርቱ ይብቃሽ፣ ለሠራተኞቹ ወጥ ሥሪ አሉኝ።

የወደቅሁት የኤሌክትሪክ መስክ መስመሮችን አንዱ ሌላውን እንዲያቋርጥ አድርጌ ስለሣልሁ ነው። ከብት ወደ ወንዝ የሚወርድበት መንገድ ሁሉ አንዱ ሌላውን ሲያቋርጥ እያየሁ አድጌ፣ ይህም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። የክፍል ጓደኛዬ ሙላት ነው ያቃናኝ። መስመሩ፣ አንዲት ትንሽ ፖዘቲቭ ቻርጅ እዚያ ብትቀመጥ ወዴት እንደምትገፋ ያሳያል አለኝ፤ አንዱ መስመር ሌላውን ካቋረጠ ቻርጇ ባንድ ጊዜ ወደ ሁለት አቅጣጫ ልትሄድ ነው፣ ያ ደግሞ አይሆንም። ከዚያ ሄዶ አባቴን አንድ ዕድል እንዲሰጡኝ ለመናቸው።

«እንግዲያ የዛሬው ተረት ካንቺ ነው» አሉኝ አባቴ ማታ፣ የወደቅሁበትን ሥዬ እንዳስረዳቸው።

ሙላትም እሳቱ ዳር ተቀምጦ ሳለ፣ በፋኖሱ ብርሃን ወረቀት ላይ ሁለት እኩል ፖዘቲቭ ቻርጆች ሣልሁ። መስመሮቹ አንዲት ትንሽ ቻርጅ ወዴት እንደምትገፋ ያሳያሉ አልኋቸው፤ ከሁለቱም ወጥተው፣ መሃል ላይ ሊገናኙ ሲሉ ታጥፈው ይሸሻሻሉ። አባቴ ወረቀቱን ገልብጠው አዩት።

«ጃርት መሳል ነው የሚያስተምሯችሁ?»

ሠራተኞቹ ሳቁ። አባቴ ግን አልሳቁም። ከኪሳቸው አንዲት ፍሬ ሰሊጥ አውጥተው በሁለቱ ልክ መሃል አስቀመጧትና፣ ያቺ የምትገፋው ትንሽ ቻርጅ ይቺ ናት እንበል፣ ወዴት ትሄዳለች አሉ። እዚያ ቦታ ላይ የሣልሁት መስመር አልነበረም። ሙላት አፉን ሊከፍት ሲል «አንተ ዝም በል፤ እሷን ነው የጠየቅሁ» አሉት። ሙላትን አየሁት፤ ዓይኑን ሰበር አደረገ።

«የትም አትሄድም» አልሁ።

«የሰነፍ መልስ።»

ከግራም ከቀኝም እኩል ስለምትገፋ መሆኑን ነገርኋቸው። አባቴ ሰሊጧን በጣታቸው ጫፍ ከመሃል ወደ ላይ ፈቀቅ አደረጓት።

«አሁንስ?»

«አሁንማ ወደ ላይ ትሸሻለች፤ ወደ መሃል አትመለስም።»

ያኔ ወደ ሙላት ዞሩ። እውነቷን ነው አላቸው። አባቴ ወረቀቱን ብዙ አይተው ሲያበቁ፣ ወጥ የምትሠራ ሴት ከከተማ ትፈለግ ብለው አዘዙ።

እሳቱ ዳር የሰማኋቸው ተረቶች ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል። የቀረልኝ መልሱን እያወቀ፣ እኔው እንድናገረው ብሎ ዓይኑን የሰበረ ልጅ ነው። በትዳራችንም እንዲሁ ነበር፤ ቃል ሲጠፋኝ አይቀማኝም፣ ይጠብቀኛል። አሁን ቤቱ ውስጥ ብናገርም ባልናገርም የሚጠብቅ የለም።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ስታስቀድሱ በክርስትና ስሙ አስቡልኝ። ገብረ ሥላሴ ነው።