ሦስተኛውን ክፈት

ሰፈሩ በሚያጓራው የማመንጫ ማሽን ስም «ተርባይኑ» ይለዋል። ስሙን ሲያወጡለት አልተሳሳቱም። በጋዝ ኃይል ማመንጫው መቆጣጠሪያ ክፍል ዕድሜውን ፈጅቶ ጆሮው ግማሽ በግማሽ ስለሄደ፣ ደህና አደራችሁ ሲል እንኳ ለጠብ የመጣ ነው የሚመስለው። የሚያለቅስ ልጅ ላባብል ካለ ልጁ ይብስበታል።

ማመንጫው ሲሠራ መሠረቱን ከቆፈሩት የቀን ሠራተኞች አንዱ እሱ ነበር። ያን ጊዜ አንድ ባለሥልጣን መጥቶ፣ «ግድቡ ውሃ ሲያጥረው ይህ ማመንጫ ይደርስለታል፤ ከእንግዲህ ጨለማን የምታውቁት በወሬ ነው» ብሎ አፉን ሞልቶ ተናገረ። ሰፈሩ አጨበጨበ። እሱም አጨበጨበ፤ ዛሬ ያን ጭብጨባ ሲያስታውሰው እጁን መንከስ ያምረዋል። ቢሆንም ከቁፋሮ አንስቶ ዘይት ቀያሪ፣ ከዚያም አሠልጥኖ ባለ ወንበር ያደረገው ይኸው ማመንጫ ነውና፣ ሰው ሲያማው ለብዙ ዘመን ጠበቃው እሱ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግድቡ ጋ ውሃ ሲጎድል ኃይል ከሚያከፋፍለው ማዕከል ስልክ ይደወላል። ጋዙ ይለኮሳል፣ ማሽኑ ማጓራት ይጀምራል፣ የሰፈሩ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። የሚወጣው ኃይል ግን ለሁሉም አይዳረስም። አንደኛው መስመር ወደ ሲሚንቶ ፋብሪካው ይሄዳል። ሁለተኛው ትልልቆቹ ሰዎች ወደሚኖሩበት ኮረብታ ይወጣል። ሦስተኛው ከአጥሩ ማዶ ያለው የእነሱ ሰፈር ነው። ጩኸቱን የሚጠጡት እነሱ፣ ጭሱን የሚስቡት እነሱ፤ ሲጎድል የሚጠፋባቸውም እነሱ። ሁልጊዜ! አንድ ቀን እንኳ በስህተት «ሁለተኛውን» ብለው አያውቁም።

ደግሞ ማዕከሉ «አጥፋ» አይልም። «ሦስተኛውን ክፈት» ነው የሚለው። በሙያው ቋንቋ ማብሪያ ማጥፊያው ሲከፈት መስመሩ ይቋረጣል። ውጭ ያለው ሰው ራዲዮ ከፍቶ ይሰማል፣ ቧንቧ ከፍቶ ይጠጣል፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ግን የከፈቱለት ሰው ይጨልምበታል።

ታላቅ እህቱ የምትኖረው ከአጥሩ ማዶ ነው። እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገችው እሷ ናት። ባሏ ካረፈ ወዲህ ጓዳዋ ውስጥ ባቆመችው የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን ጫጩት እያስፈለፈለች ነው የምትኖረው። መብራት ሲሄድ ውሃ ትጥዳለች፤ ፍል ውሃውን በጠርሙስ እየሞላች በእንቁላሎቹ መሃል ትሸጉጣለች፤ ማሽኑን በብርድ ልብስ ትጠቀልላለች። ከቀዘቀዙ አለቀላቸው።

አንድ ቀን ጫጩቶቹ ሊወጡ ዛሬ ነገ እያሉ ነበር። ጆሮውን ያስጠጋ ሰው ከቅርፊቱ ውስጥ ድምፃቸውን ይሰማል። እሷ መኖ ልትገዛ ገበያ ወርዳ ሳለ የማመንጫው ማሽን ሲያጓራ ሰማችና ወንድሟ ጋ ደወለች።

እሱ ገና ከማዕከሉ ሰው ጋር ተጨቃጭቆ መጨረሱ ነበር። «እስቲ ዛሬ እንኳ ከፋብሪካው ቀንሱ! ይሄ ሰፈር ምን አደረጋችሁ?» ቢለው፣ «ትእዛዝ ነው» ብሎ ጆሮው ላይ ዘግቶበታል። ደሙ እንደፈላ ሦስተኛውን ከፍቶ ነበር።

«ወንድምዓለም፣ የኛ መስመር እንዴት ሆነ?»

«ከፍቼዋለሁ!» ብሎ ጮኸ።

«ምን አልከኝ?»

«ከፈትኩት እኮ ነው የምልሽ!»

«ተመስገን! እደግልኝ» አለችና ዘጋች።

ምርቃቱ በማሽኑ ጩኸት ተዋጠ፤ እሱ አልሰማውም። እሷም ምን አስቸኮላት፣ መኖዋን አማርጣ፣ ከወዳጅ ጋር ቆማ አውግታ ቀስ ብላ ተመለሰች።

ከሥራ ወጥቶ ቤቷ ሲገባ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ፊቷ ትሪ አለ። ትሪው ላይ ላባቸው የበቀለ፣ ዓይናቸው ያልተገለጠ ጫጩቶች ተደርድረዋል። አንዱ ቅርፊቱን በስቶ ምንቃሩን አውጥቶ ነበር፤ እንደወጣ ቀርቷል።

«ከፍቼዋለሁ አላልከኝም?»

«እታለም... ክፈት ማለት እኛ ጋ መቁረጥ ነው።»

ቀና ብላ አየችው። «ታዲያ ለምን ቁረጥ አይሉም?»

ክው አለ። ስንት ዘመን እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ይህን አንድ ቀን ጠይቆ አያውቅም። በማዕከሉ ተናደደ፣ በኮረብታው ተናደደ፣ ከሁሉ ይልቅ ግን በገዛ አፉ ተናደደ። የባዕድ ቃል ለምዶ፣ ያሳደገችውን እህቱን በዚያው ቃል አታለላት። ልታጽናናው እጇን ብትዘረጋ ደግሞ ባሰበት።

እህቱ ሌላ እንቁላል ሰብስባ እንደገና ማሽኑን ሞላች። ግድቡም እንደገና ጎደለ፤ ከማዕከል ተደወለ።

«ሦስተኛውን ክፈት።»

«ቁረጥ በለኝ» አለ ተርባይኑ።

«ምን?»

«ቁረጥ በል! የምታስደርገኝን በስሙ ጥራው!»

«ያው አይደል እንዴ?»

«ያው ከሆነማ ምን ገደደህ? በለው!»

ከተርባይኑ ኋላ ማሽኑ ያጓራል፤ መቆጣጠሪያው ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል።

«እሺ... ቁረጥ» አለ የማዕከሉ ሰው በመጨረሻ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«ጠብቅ።»

«የምን ጠብቅ? ኃይሉ እየወረደ እኮ ነው! ሰውዬ!»

«ጠብቅ አልኩህ!» የማዕከሉን ስልክ ሳይዘጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ከኪሱ የራሱን አውጥቶ እህቱ ጋ ደወለ። ሲያናግራት ያ ሰው ቃል በቃል እንዲሰማው በሙሉ ድምፁ ጮኸ።

«እታለም! ልቆርጥብሽ ነው፤ ውሃ ጣጂ!»