ቅቤው ሳይነካ ቤተሰብ መመገብ

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው። ከሶዶ በሚኒባስ ሄጄ፣ ከዋናው መንገድ እስከ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በእግሬ ወጣሁ። ንብረት ክፍሉ አንድ ትልቅ ድስት፣ ቢላዋ፣ መክተፊያ፣ የሕፃናት ክንድ መለኪያ ጥብጣብና በጨርቅ ላይ የታተመ የምግብ ሥዕል አስፈርሞ ሰጠኝ። በሥዕሉ ላይ ዓሣ፣ ወተት፣ ብርቱካን፣ ቀይ ሥርና ካሮት አለ። ቦሎቄ የለም፤ ጎደሬም የለም። የሥራ መደቤ «የቤተሰብ ሥነ ምግብ ባለሙያ» ይላል። ሰው ግን እስከ መጨረሻው «የድስቷ ሴትዮ» ነበር የሚለኝ።

ኃላፊው አቶ ማርቆስ ይባላል። ቢሮ ውስጥ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን ቢሮ ውስጥ አይደለሁም።

«የባለ ሱቁ ልጅ አንቺ ነሽ?» አለኝ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሶዶ ገበያ አጠገብ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ብስኩት መሸጥና የገበሬ ቤት ማብላት ይለያያል። እንሰት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«በአባቴም አገር የሚበላው እንሰት ነው።»

«የእናንተው የክትፎ ማባያ ነው። የእኛው ምግብ ነው!» ብሎ ሳቀ። አብረውት የተቀመጡትም ሳቁ። ድስቴን ይዤ ወጣሁ።

አዲስ ለምትገቡ ሥራው እንዲህ ነው። የአንድን ቤት የሳምንት ምግብ ስታቅዱ ከገበያ አትጀምሩም፤ ከጓሮ ነው የሚጀመረው። እንሰቱ ለመፋቅ ደርሷል ወይ? ጎደሬ አለ? ጎመኑ ይቀነጠሳል? አጥሩ ላይ ሃሌኮ፣ ማለትም ሽፈራው፣ በቅሏል? ከጓሮው ቀጥሎ ጎተራው ይታያል። ገበያ የመጨረሻው ነው። ከገበያ የሚገዛው ከሁለቱም የጠፋው ብቻ ነው፤ እሱም ገበያው ሊበተን ሲል ይገዛል። ጠዋት በውድ የተጠራው የሽንኩርት መደብ ከሰዓት በኋላ ሻጯ ወደ ቤት ልትሸከመው አትፈልግም።

ሆድ የሚሞላ ነገር ብዙ ነው። ቆጮ ይሞላል፣ በቆሎ ይሞላል፣ ስኳር ድንች ይሞላል። ልጅ የሚያሳድገው ግን ከእነሱ ጋር የሚቀርበው ነው። ለጠበበ ኪስ ቦሎቄን የሚያህል አላገኘሁም። ማታ ይዘፈዘፋል፣ ጠዋት ውሃው ይደፋል፣ በአዲስ ውሃ እስኪፈርስ ይቀቀላል፤ በዚህ እንጨቱም ይቆጠባል። ጎመን ታጥቦ ይከተፋል እንጂ ተከትፎ አይታጠብም። የሃሌኮ ቅጠል የሚገባው ድስቱ ሊወርድ ሲል ነው። የሕፃኑ ድርሻ የሚወጣው የአባትየው ሳህን ከመሞላቱ በፊት ነው። «እንቁላል አትሽጪ» አይባልም፤ ጨውና ሳሙና የሚገዛው በእንቁላል ነውና። «ከምትሸጪው ለትንሿ አስቀሪ» ነው የሚባለው።

ይህን ሁሉ ሴቶቹ ቶሎ ያዙት። ግማሹንም ከእኔ በፊት ያውቁት ነበር። የማይፈታው ነገር ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ነው። በቆሎው ያልቃል፣ አዲሱ አልደረሰም፣ ቦሎቄ በጣሳ ሲጠየቅ ዋጋው አይቀመስም። በእነዚያ ወራት የልጆቹ ክንድ በጥብጣቡ ላይ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ይወርዳል። ከቢጫ ቀጥሎ ቀይ ነው። የእኔ ሥራ በሙሉ የሚለካው በዚያ ነበር፤ ቦሎቄው ግንቦትን ይሻገራል ወይስ አይሻገርም።

የመጀመሪያዎቹን የምግብ ማሳያዎች በሥዕሉ መሠረት ሠራሁ። ታዝዤ ነበር። ካሮቱና ቀይ ሥሩ ከሶዶ ተገዝቶ መጣ። ሴቶቹ በሉ፣ አመሰገኑ። በመንደሩ ቃሏ የሚሰማው ወይዘሮ አማረች ሳህኗን ጠርጋ አስቀመጠች።

«ይጣፍጣል» አለች። «ግን እህቴ፣ ይህን ካሮት የሚጭነው መኪና በእኛ ደጅ የሚያልፈው መቼ መቼ ነው?»

ሴቶቹ ተንከተከቱ። እኔም ሳቅሁ። ቢሮ ተመልሼ ካሮቱ ይቅር ስል አቶ ማርቆስ «ካሮቱ በፕሮግራም የተያዘ ነው» አለኝ።

አማረች የቅቤ ማኅበር ሰብሳቢ ነበረች። ከሌላ አገር ለመጣ ባለሙያ ልናገር፤ በወላይታ መስከረም ላይ ለሚከበረው ለጊፋታ ዓመቱን ሙሉ ይቆጠባል። ወንዶቹ ለበሬው ይቆጥባሉ፣ ሴቶቹ ለቅቤው። በዓሉ እንዳለፈ ለሚመጣው ይጀመራል። ቅቤ ሳይኖራት ጊፋታ የደረሰባት ሴት ማንም ምንም ሳይላት ከቤቷ አትወጣም። ይህን ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም። የአባቴ ቤትም ለመስቀል ቅቤ ሲያስቀምጥ እያየሁ ነው ያደግሁት።

የእኔን ስብሰባ ሴቶቹ በለቅሶ፣ በሕመም፣ በገበያ ይቀሩበታል። የቅቤውን ማኅበር የምትቀር የለችም። ስለዚህ ድስቴን ትቼ ወደዚያ መሄድ ጀመርኩ። መጀመሪያ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ቆይቼ፣

«ቦሎቄ በሚረክስበት ጊዜ ለምን በዚሁ ማኅበር አታስቀምጡም?» አልኩ።

አማረች ፊቷ ተለወጠ። «ከቅቤው ልትነኪ ነው?»

«ቅቤው አይነካም። ስትወቁ በየገበያው ቀን አንድ አንድ ጣሳ ይዛችሁ ኑ። መጋቢት ሲገባ መካፈል ትጀምራላችሁ።»

«ባሎቻችን ቢጠይቁስ?»

«ስለ ቅቤው ሲጠይቋችሁ ምን ትሏቸዋላችሁ?»

«ስለ ቅቤው ማን ይጠይቃል!» አለች ከጥግ አንዷ። «የሚጠይቅ ካለ ጊፋታን በደረቁ ይዋጠው!»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ነገሩም በዚያው ተወሰነ።

ቦሎቄው በጥርስ ሲነከስ ጠቅ ብሎ እስኪሰበር በፀሐይ ደረቀ። ነቀዝ እንዳይገባው አመድ ተቀላቀለበትና ክዳን ባለው የፕላስቲክ በርሜል ተጨመረ። በርሜሉ አማረች ቤት ተቀመጠ፤ የቁልፉ ያዥ ሌላ ሴት ሆነች። በዚያ ዓመት ቦሎቄው ግንቦትን ተሻገረ። ባለፈው ዓመት ቢጫ ውስጥ የነበረችው የአማረች የልጅ ልጅ አረንጓዴ ላይ ቆየች። ውጤቱን አቶ ማርቆስ ዞን ሄዶ የራሱ ሐሳብ አድርጎ አቀረበው። ይህንንም ከሰው ሰማሁ።

በሚቀጥለው ዓመት የቡድን መሪነቱ ቦታ ክፍት ሆነ። በአገልግሎትም በትምህርትም የሚቀድመኝ አልነበረም። በዚያው ሰሞን አቶ ማርቆስ ጠራኝ።

«ቦሎቄው ጥሩ ነው» አለ። «አሁን ወደ ዋናው እንግባ። እነዚህ ሴቶች ልጆቻቸው እንቁላል ሳይበሉ ለአንድ በዓል ቅቤ ያጠራቅማሉ። የቅቤው ቁጠባ ወደ እንቁላልና ወተት ይዙር። የአመጋገብ ዕቅዱ ተዘጋጅቷል። አንቺ ታነቢላቸዋለሽ።»

«አይቀበሉትም።»

«ካስረዳሻቸው ይቀበላሉ።»

«እሺ ይሉዎታል እንጂ አይቀበሉም። ቦሎቄውንም ያሳጣናል።»

«አንቺ የመንግሥት ባለሙያ ነሽ ወይስ የቅቤ ማኅበር አባል?»

«የወንዶቹ የበሬ ቁጠባስ ዕቅዱ ውስጥ አለ?» አልኩት። እሱ ራሱ የሰፈሩ የበሬ ማኅበር ገንዘብ ያዥ ነበር።

«እሱ ሌላ ነው» አለ።

ምኑ ሌላ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። አላነብም ብዬ ወጣሁ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ የመሪነቱ ነገር እንዳበቃለት ስነግረው ባለቤቴ ያለኝን እዚህ አልጽፈውም።

ዕቅዱን ያነበበላቸው ተስፋዬ ነው። ከእኔ በኋላ የተቀጠረ ባልደረባዬ ነበር፤ ጥብጣቡን በልጅ ክንድ ላይ እንዴት እንደሚያስር ያሳየሁት እኔ ነኝ። ሲያነብ ከኋላ ቆሜ ሰማሁ። ሴቶቹ አንዴም ሳያቋርጡት አዳመጡ። ሲጨርስ አማረች ተነሣች።

«ልጄ፣ ፀሐይ መትቶህ መጥተህ አስተምረኸናል፤ እግዜር ይስጥህ። ሰምተናል፣ እሺ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። የበሬውን ወረቀት የምታመጣው በሌላ ቀን ነው?»

ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ።

«ስለ በሬ አልተላክሁም፣ እማማ» አለ ተስፋዬ።

«እንግዲህ ስትላክ ና» አለችው፤ ሁሉም አጨበጨቡለት። ተስፋዬ ጭብጨባውን «በሙሉ ድምፅ ተቀብለዋል» ብሎ ሪፖርት አደረገ። ብዙም ሳይቆይ የቡድን መሪ ሆነ። የእኔ የሥራ አፈጻጸም ላይ «የአመለካከት ችግር ይታይባታል» ተባለ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ማኅበሩ ከተለመደው ቤት አልነበረም። የት እንደተዛወረ የሚነግረኝ አጣሁ። በርሜሉም ተከፍቶ ቦሎቄው ለየቤቱ ተከፋፍሏል። ቢሮው ዓይኑን ቅቤው ላይ ከጣለ ነገ ቦሎቄው ላይ ይጥላል ብለው ነው። ጊዜው ገና ጥር ነበር። ቤት የገባ ቦሎቄ ደግሞ አይቆይም። ዘመድ ይመጣል፣ የትምህርት ቤት ደብተር ይገዛል፣ ያልታሰበ ለቅሶ ይደርሳል። መጋቢት ሲገባ የተረፈው ጥቂት ቤት ነው። በሚያዝያ የአማረች የልጅ ልጅ ክንድ ተመልሶ ቢጫ ውስጥ ገባ። የለካኋት እኔ ነኝ።

አማረች ጥብጣቡን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«አንቺም ከኋላ ቆመሽ ነበር።»

«ቆሜ ነበር። አላነበብኩም።»

«ብታነቢው ይሻል ነበር። ከማን ወገን እንደሆንሽ እናውቅ ነበር።»

«አሁን ልንገርሽ። ማኅበሩ የት ነው?»

«ለምንሽ?»

«ቅቤ ልቆጥብ።»

«የሶዶ ሰው ቅቤ ከሱቅ አትገዛም እንዴ?»

«ሱቅ ያለው ቅቤ ውስጥ ምን እንደሚቀላቀል የባለ ሱቅ ልጅ ትንገርሽ?»

ሳቋ አመለጣት። ልጅቷን አቅፋ ቤቱን በአገጯ አመለከተችኝ። ከጽሕፈት ቤታችን ጀርባ፣ ከአጥሩ ማዶ ነበር።

እንደማንኛዋም ሴት በየገበያው ቀን ድርሻዬን አስቀመጥኩ። ስለ ምግብ አላስተማርኩም። ስለ ቦሎቄም ያነሣሁት የበልጉ ሊወቃ ሲል ነው።

«ያ በርሜል ባዶውን ምን ይሠራል?» አልኩ።

«ዶሮ ይወጣበታል» አለች አማረች። በማግስቱ ግን አጥባ ፀሐይ ላይ ደፋችው። የመጀመሪያውን ጣሳ ያመጣችውም እሷ ናት።

ለጊፋታ ቅቤው ሲከፋፈል የእኔም ድርሻ በኮባ ተጠቅልሎ ተሰጠኝ። ከዚያ በኋላ የመጣውን መጋቢት በርሜሉ ሙሉ ሆኖ ጠበቀው። በግንቦት ልጅቷን ለካኋት፤ አረንጓዴ ናት። በሪፖርት አላስገባሁትም። ሪፖርት ውስጥ የገባ ነገር ወዴት እንደሚሄድ አይቻለሁ።

አቶ ማርቆስ አባል መሆኔን ከሰማ በኋላ ጊዜ አልፈጀበትም። «ከተጠቃሚዎች ጋር የጥቅም ግንኙነት» የሚል ምክንያት ተሰጥቶኝ ተበላ ወደምትባል ከተማ ተዛወርኩ። ንብረት ላስረክብ ስገባ ከጠረጴዛው ቀና ሳይል፣

«ለቅቤ ብለሽ ደረጃሽን አጣሽ» አለኝ።

«የእርስዎ በሬ ዘንድሮ እንዴት ነው? ወፈረ?» አልኩት።

ድስቱን አስረክቤ ወጣሁ።

ተበላ ቆላ ነው፤ ጓሮውም ገበያውም ከደጋው ይለያል። እዚያ ስደርስ ግን መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ ጓሮ አይደለም። ሴቶቹ ለጊፋታ የሚቆጥቡበትን ቤት ነው የጠየቅሁት። ማንም አልነገረኝም። የነገሩኝ እኔም ከእናንተ ጋር ልቆጥብ ያልኩ ቀን ነው። እስከ ጡረታ በዚሁ መንገድ ሠራሁ። የቡድን መሪ አልሆንኩም።

ተስፋዬ ዛሬ ትልቅ ቦታ ላይ ነው። ቅርብ ጊዜ ሶዶ ውስጥ ለአዳዲስ ባለሙያዎች የሚሰጠው ሥልጠና ላይ ተጠርቼ ተቀምጬ ነበር። ባህላዊ ቁጠባን ከቤተሰብ አመጋገብ ጋር ስለ ማያያዝ አስተማረ። በርሜሉን ጠቀሰ፣ አመዱን ጠቀሰ፣ አማረችን አልጠቀሰም። ሲጨርስ ከመድረኩ ላይ «እትዬ አስካለ የሚጨምሩት ይኖራል?» አለኝ።

«የለኝም» አልኩት። እሱ ፊት የምለው አልነበረኝም። ለእናንተ ግን አለኝ።

በዓሉን ከዕቅዱ መጀመሪያ ላይ አስገቡት፤ የሌሎቹን ወራት ምግብ ከእሱ በተረፈው አቅዱ። በዓሉን ከዕቅዱ ብታወጡት ቤተሰቡ መልሶ ያስገባዋል። ያን ጊዜ የሚወጣው ባለሙያው ነው።