ዐረብኛ ተናጋሪዋ በራሪ ልጅ

ባለፈው ጁምዓ ከሶላት ስመለስ የልጄ ልጅ ሐያት ከቁም ሳጥኑ ሥር አንድ ያረጀ የሲዲ ማኅደር ጎትታ ስትከፍተው ደረስሁ። «ቀጭ» አለ ፕላስቲኩ። ያቺን ድምፅ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ! ጫማዬን በእጄ እንደያዝሁ በሩ ላይ ቀረሁ። የታየኝ ደሴ ፒያሳ የነበረችው የሐጂ ሳልህ ጠባብ ሱቅ ነው፤ የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ ከዑድ ሽቱ ጋር የሚደባለቅባት፣ ግድግዳዋ እስከ ጣሪያው በፊልም ሽፋን የተለበጠች።

የሐጂ ሳልህ አያት ከየመን ባሕር ተሻግረው ደሴ የከተሙ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ አሉ። ሐጂ ግን ጨርቁን ትተው ሲዲ ሻጭ ሆኑ። ነጭ ኮፍያ፣ ወፍራም መነጽር፣ ከትከሻቸው የማትለይ ባለ መስመር ፎጣ። ሲዲውን ወደ አፋቸው አስጠግተው «ሃህ» ይሉበትና በፎጣዋ ጫፍ ይወለውሉታል፤ ከዚያ ባንኮኒው ላይ ባለችው ትንሽ ቴሌቪዥን ከፍተው ካላሳዩ ለማንም አይሰጡም። ደንበኛ የሚጠሩትም በልጁ ስም ነው። እኔን «አቡ ዘሐራ» ነበር የሚሉኝ።

እኔ ያኔ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል እሠራ ነበር። ልጄ ዘሐራ በሰባት ዓመቷ ከዘይቱን ዛፍ ወድቃ እግሯ ተሰበረ። ሐኪሙ ጀሶ አደረገላትና «ይህ ሳይፈታ ከረገጠችበት አጥንቱ ተጣሞ ነው የሚገጥመው» አለን። ልጅቱ ደግሞ እንዝርት ናት፤ ካልተሽከረከረች አይሆንላትም። መጀመሪያ ሰሞን የሰፈሩ ልጆች እየመጡ ጀሶው ላይ ሥዕል ሣሉባት፤ ከዚያ ሰለቻቸውና ወደ ኳሳቸው ሄዱ። ብቻዋን ስትቀር ግድግዳ ይዛ ልትቆም ስትል እናቷ ሁለቴ ደረሰችባት። «ይቺ ልጅ አንካሳ ሆና ልትቀርብኝ ነው» እያልሁ ማሽኑ ፊት ቆሜ እንኳ የተበጠሰ ክር ያመልጠኝ ጀመር።

አንድ ቀን «አባ፣ በራሪዋን ካመጣህልኝ አልነሣም» አለችኝ። በራሪዋ የካርቱን ጀግና ናት፤ ቀይ ካባ ለብሳ በሰማይ እየበረረች ክፉዎቹን ልክ የምታስገባ ልጅ። ዘሐራ ጎረቤት ቤት አንዴ አይታት ልቧ እዚያው ቀርቷል።

ቅዳሜ ከፈረቃ ወጥቼ ሚኒባስ ያዝሁና የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ደሴ ወጣሁት። ሐጂ ሳልህ ሁለት ማኅደር ባንኮኒው ላይ ዘረጉልኝ። ሁለቱም ያችው በራሪ ናት። አንዱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሽፋኑ ያብለጨልጫል፣ ሥዕሉም ሲከፈት ጥርት ያለ። ሌላው ወደ ዐረብኛ የተመለሰ፣ ሽፋኑ የደበዘዘ፣ ሥዕሉም የጭጋግ ነገር ያለበት። እኔ የፈረንጅ ፊደል አላነብም፤ የማውቀው ጨርቅ ነው። ሽፋኖቹን ወደ ብርሃን አዙሬ የልጅቱን ካባ አገላብጬ መረመርሁ።

«የሚያብለጨልጨውን ይስጡኝ፤ የዚህኛው ካባ ቀለሙ ለቋል።»

ሐጂ ሆዳቸውን ይዘው ሣቁ። «ያ አላህ! አቡ ዘሐራ፣ ቀሚስ ልታሰፋበት ነው እንዴ?» አሉና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «ለመሆኑ ልጅህ ከማን ጋር ነው የምታየው?»

«ብቻዋን ናት፣ ሐጂ። እግሯ ከተሰበረ ልጆቹ ሸሽተዋታል።»

«እንግሊዝኛ የሚያውቅ በሰፈራችሁ አለ?»

«ከየት መጥቶ!»

«ዐረብኛስ?»

«መድረሳ ቁርኣን የሚቀሩ ልጆች አሉ። ንግግሩን እንኳ የሚያውቁት አይመስለኝም፤ ብቻ እናውቃለን ይላሉ።»

«እናውቃለን የሚል ይበቃል» አሉና ሁለቱንም ፊቴ ትተው ወደ ሌላ ደንበኛ ዞሩ።

ዓይኔ ከሚያብለጨልጨው ላይ አልነቀል አለኝ። ግን ሐጂን አምናቸዋለሁ፤ የደበዘዘውን አነሣሁ። እውነቱን ለመናገር ሐረጎን እስክንወርድ ድረስ ስጸጸት ነበር።

በማግስቱ ሲዲው በቤታችን ማጫወቻ ተከፈተ። በራሪዋ ገና አፏን ስትከፍት ዘሐራ «አባ፣ ምን አለች?» አለችኝ። እኔ ምን አውቄ! በመስኮት አንገቱን ያስገባው የጎረቤታችን ልጅ ጀማል «እኔ አውቃለሁ!» ብሎ ዘው አለ። እኅቱ ጦይባ ተከተለችው። ከኋላ ደግሞ ታደለ፤ እሱ እንኳ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ነው፣ ከዐረብኛ አንዲት ፊደል አያውቅም፤ ግን ከሁሉም ጮኾ የሚተረጉም እሱ ሆነ።

«‹አላህን ፍራ› ነው ያለችው!» ይላል ጀማል።

«ቀጣፊ! ‹ለእናትህ ነው የምናገርብህ› ነው ያለችው» ትላለች ጦይባ።

«ሁለታችሁም አልገባችሁም» ይላል ታደለ፤ «ርቧታል።»

ዘሐራ በሣቅ ፍርስ አለች። ክርክሩ ሲበዛ እሷን ዳኛ አደረጓት፤ የማን ትርጉም እንደሚጸና ፍራሿ ላይ ሆና ትፈርዳለች። አንድ ቀን ተናድዳ ልትነሣ ስትል ታደለ «ዳኛ ከወንበሩ አይነሣም!» ብሎ ጮኸባት፤ ቁጭ አለች። ያው ሲዲ በየቀኑ ይከፈታል፣ ትርጉሙ ግን በየቀኑ አዲስ ነው። ከፈረቃ ስመለስ የቤቴ ሣቅ ከመንገዱ መታጠፊያ ይቀበለኝ ነበር። ኳሱም ሜዳውም ተረስቶ ቀረ።

ጀሶው ሲፈታ እግሯ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ወጣ፣ አልሐምዱሊላህ። ደሴ ከሚኒባሱ አውርጄ በእግሯ እያስሄድሁ ሐጂ ሳልህ ዘንድ ወሰድኋት። እሳቸው እግሯን አየት አደረጉና በርጩማ ሳቡላት። «በይ ዘሐራ፣ እስቲ ታሪኩን ንገሪኝ።» ዘሐራ ካንድ ጫፍ ጀምራ ዘረገፈችው፤ ‹አላህን ፍራ› ያለችውን፣ ‹ለእናትህ ነው የምናገርብህ› ያለችውን፣ የረሃቧን። ዐረብኛን ከእናታቸው ጡት ጋር የጠቡት ሰው አንዲት ቃል አላረሙም። ሲያበቃ በፎጣቸው ጫፍ የሣቅ እንባቸውን ጠረጉና «ሱብሓነላህ! እኔ ካየሁት የእናንተው ይበልጣል» አሉ።

ሐጂ ወደ አኼራ ከሄዱ ቆዩ፤ አላህ ጀነትን ይወፍቃቸው። ሱቃቸው ዛሬ የሞባይል ሽፋን ይሸጥበታል። የሲዲ ማጫወቻውም ከቤታችን ከወጣ ቆይቷል። ሐያት ማኅደሩን ሰጠችኝና የእናቷን የዘሐራን ስልክ ብድግ አደረገች። ያቺው በራሪ እዚያ ውስጥ በስንት ዓይነት ተደርድራለች፤ የድሮዋ፣ አዲሷ፣ በዚህ ቋንቋ፣ በዚያ ቋንቋ።

«አባባ፣ የቷን ልክፈት?»

«ከማን ጋር ነው የምታዪው?» አልኋት።

ትንሽ አሰበች። ስልኩን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችና ወደ ደጅ ወጥታ የጎረቤቷን ልጅ ስም ጠራች። እስክትመለስ ድረስ እኔ ሲዲውን ከማኅደሩ አወጣሁ፣ «ሃህ» አልሁበትና በኩታዬ ጫፍ ወለወልሁት።