ስፖንሰሩ አሜን ያለ ቀን

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ሰሎሞን ወንበር ስበው ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጡኝና "የሠርግ ቪዲዮ ስታቀናብሪ ምኑን ነው የምትቆርጪው?" አሉኝ። "የሰከረውን ዘመድ" አልኳቸው። "እዚህም ያው ነው፤ የሚለየው እዚህ የሚሰክሩት በሥልጣን መሆኑ ነው" ብለው ሳቁ። ቃለ መጠይቁ ይኸው ነበር፤ ተቀጠርኩ።

ስቱዲዮ የምንለው ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ ዳር፣ የሕንፃ ዕቃ መሸጫ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። መስኮቷን በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍነናታል። ያም ሆኖ የባሕር ዳር አውቶቡስ ጥሩንባውን እየነፋ ሲያልፍ ቀረጻ አቁመን እስኪርቅ እንጠብቃለን። ሁለት ካሜራ፣ ደረት ላይ የሚሰኩ ማይኮች፣ አንድ የድምፅ ማደባለቂያ ሚክሰርና መብራት ሲጠፋ የሚያስለቅስ ኮምፒውተር ነበረን።

ጋሽ ሰሎሞን የታሪክ መምህር ነበሩ። የፕሮግራሙ ባለቤትም፣ አዘጋጅም፣ አወያይም እሳቸው ናቸው። እኔ ካሜራ አቆማለሁ፣ ድምፅ እለካለሁ፣ አቀናብራለሁ፣ ኢንተርኔት ላይ እጭናለሁ። ማዕረጌ "የቅንብር ክፍል ኃላፊ" ነበር። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም።

ዘመኑ ገዥው ግንባር ሥልጣን ላይ የነበረባቸው የመጨረሻዎቹ ዓመታት ናቸው። የራዲዮ ፈቃድ ማግኘት ዘበት ነበር፤ ኢንተርኔት ላይ ቪዲዮ ለመጫን ግን ገና ማንም ፈቃድ አይጠይቅም። "ከተማና ገጠር" ብለን ስለ መሬት ካሳ፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ቀበሌ ሹመት ሰው እየጋበዝን እናወያይ ጀመር። የቡሬና የደምበጫ ወጣት በየስልኩ ያየን ነበር። መምህራን በየሻይ ቤቱ ይከራከሩብን ነበር። ጥሩ ሥራ ነበር፤ እወደው ነበር።

ከዚያ ስፖንሰር መጣ። ቡሬ ዳር ያለ የዱቄትና የብስኩት ፋብሪካ ነው። የሕዝብ ግንኙነቱ ኃላፊ አቶ ጌትነት የደምበጫ ልጅ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ለታላቅ ከወንበሩ የሚነሳ ሰው ነበር። ክፉ ቢሆን ኖሮ ሥራችን በቀለለ።

መጀመሪያ የጠየቀው የፋብሪካው ስም መግቢያው ላይ እንዲታይ ብቻ ነው። ቀጥሎ ጠረጴዛው ላይ ብስኩት በሳህን ተቀመጠ። እንግዶቹ በሰው ንግግር መሀል እየቆረጠሙ ጆሮዬን አደነቆሩኝ፤ ብስኩት ደረት ላይ በተሰካ ማይክ ሲሰማ ጠጠር የሚፈጭ ወፍጮ ነው። ቀጥሎ "ጥያቄዎቹን አስቀድሜ ባያቸው ለዝግጅት ይረዳኛል" አለ። ቀጥሎ ደግሞ በየቀረጻው ከካሜራው ኋላ ወንበር ስቦ መቀመጥ ጀመረ።

ጥያቄ ሲሰርዝ "ይኼኛው ለሌላ ጊዜ ቢቆይስ?" ይላል። ሌላ ጊዜ የሚባለው ቀን ሲመጣ አላየሁም። ጋሽ ሰሎሞን የሚፈሩት የወረዳውን ስልክ ነበር። ከወረዳው ተደውሎ "ይኼን አውርዱ" ስንባል ተናደን፣ ተሟግተን፣ አንዳንዴም ደብቀን እናልፈዋለን። ፋብሪካውን ግን አመስግነን ነበር የምንታዘዘው። መንግሥት ያስረናል ብለን ስንጠብቅ ያሰረን ብስኩት ሆነ።

አንድ ክረምት ፋብሪካው ሊስፋፋ ነው ተባለ። የማስፋፊያው አጥር ከቡሬ ወጣ ብሎ ያለን አንድ ጎጥ ይነካል። ለእርሻው ካሳ ተነግሯል፤ የጎጡ ሰው የሚጠጣው ምንጭ ግን አጥሩ ውስጥ ሊገባ ነው። ስለ እሱ የተናገረ የለም። የወረዳው ምክር ቤት ዕቅዱን ሊያጸድቅ ቀን ቆርጧል። አቶ ጌትነት ከዚያ በፊት አንድ ውይይት እንድንሠራ፣ ከጎጡም አንድ ሽማግሌ እንድንጋብዝ ፈለገ። "ኅብረተሰቡ እንደተቀበለው ይታይ" አለን።

ሽማግሌውን ለመጥራትና ጥቂት ምስል ለመያዝ እኔ ሄድኩ። ጭቃው ጫማዬን ውጦ አስቀረው፤ በባዶ እግሬ ካሜራ ተሸክሜ ደረስኩ። ምንጩ ከድንጋይ ሥር ይወጣል። ሴቶች ጀሪካን አሰልፈው ይቀዳሉ። ከእነሱ በላይ ጫፉ ቀይ የተቀባ የአጥሩ ችካል ተተክሏል።

አያ ታደገ የጎጡ ሽማግሌ ናቸው። ችካሉን በዱላቸው ነካ አደረጉት። "ይኼን ከዘጉብን ወንዝ እንወርዳለን። ወንዙ ደግሞ የፋብሪካውን እጣቢ ተሸክሞ ነው የሚመጣ። ባለፈው በጋ ሁለት ጥጃ ጠጥቶ ሞቶብናል" አሉኝ። ቀጥለው "እታለም፣ እዚያ ስመጣ ስለ ምንጩ እጠየቃለሁ?" አሉ።

"ይጠየቃሉ" አልኳቸው። ጋሽ ሰሎሞን ካዘጋጁት ውስጥ ጥያቄው መኖሩን በዓይኔ አይቼዋለሁ።

የቀረጻው ዕለት አቶ ጌትነት ጥያቄዎቹን ተቀብሎ አነበበና እስክሪብቶውን አወጣ። ጋሽ ሰሎሞን "ኧረ ተው፣ ሰውየው ለምንጩ ብለው ነው የመጡ" አሉት።

"ካሳው ላይ እንደልባቸው ይናገሩ። ምንጩ ገና በጥናት ላይ ነው፤ ያልበሰለ ነገር አደባባይ ባይወጣ ይሻላል።"

"ችካሉ ተተክሎ ጥናት አለ እንዴ?" አልኩ፤ አፌን መያዝ አልችልም።

ዞር ብሎ አየኝ። "አንቺ የድምፅ ነሽ አይደል?"

"የድምፅ ነኝ።"

"እንግዲያው አዳምጪ።"

ተናደድኩም፣ ፈራሁም። ማይኩን የአያ ታደገ ጋቢ ላይ ስሰካ ዓይናቸውን ላለማየት አንገቴን ደፋሁ።

ያን ቀን አቶ ጌትነት ራሱም እንግዳ ስለሆነ ከጠረጴዛው ቀርቦ ማይክ ተሰካለት። ሦስተኛው የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ነው። ውይይቱ ስለ ልማት፣ ስለ ሥራ ዕድል፣ ስለ ካሳ ሄደ። አያ ታደገ ሁለት ጊዜ "ስለ ምንጩ..." ብለው ጀመሩ። ሁለቱንም ጊዜ ጋሽ ሰሎሞን "እንመለስበታለን" አሏቸው። ማዳመጫ ጆሮው ላይ ያደረገ ሰው የእንግዳን ሆድ ያውቃል። የአያ ታደገ ትንፋሽ እያጠረ ሲመጣ ይሰማኝ ነበር። በመጨረሻ መናገሩን ተዉት። ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ከእኔ ጋር የተጣሉ መሰለኝ።

ጋሽ ሰሎሞን ተመልካቹን አመሰገኑ፣ ስፖንሰሩን አመሰገኑ። ከዚያም "እንግዲህ አያ ታደገ፣ መርቁንና እንለያይ" አሉ።

በእኛ አገር ሽማግሌ ባለበት ጉባኤ ሳይመረቅ አይበተንም። ምርቃት ሲጀመር የተቀመጠ ይነሳል፣ ባርኔጣ ይወልቃል፣ መዳፍ ይዘረጋል፣ በየስንኙ አሜን ይባላል። መሀል ገብቶ የሚያቋርጥ ሰው አይቼ አላውቅም። አቶ ጌትነት እንደተማረ ሰው ሳይሆን እንዳደገበት ቤት ልጅ ከሁሉም ቀድሞ ተነሳ፣ አንገቱን ደፋ፣ ሁለት እጁን ዘረጋ። እኔም ከሚክሰሩ ኋላ ተነሳሁ።

"ወጥታችሁ ግቡ" አሉ አያ ታደገ።

"አሜን።"

"ክፉ አይንካችሁ። የዘራችሁት ይብቀል፣ የወለዳችሁት ይደግ።"

"አሜን።"

"አገራችንን ሰላም ያድርግልን።"

"አሜን።"

ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም። በዚያው ዜማ ቀጠሉ። "ለጎጣችን የሰጠኸንን ምንጭ አጥር ውስጥ አታስቀርብን።"

"አሜን።"

"ለዚህ ለልጃችን ለጌትነት ልብ ስጠው። አጥሩን ከምንጩ ወዲያ ያስኪደው።"

"አሜን።" የሁሉም ድምፅ አንድ ላይ ነበር፤ የአቶ ጌትነት ግን ጎልቶ፣ ጥርት ብሎ ገባልኝ። ምርቃት ሲወርድ አሜን ሰው ሳያስበው ይወጣል።

"ዛሬ በፊትህ አሜን ያለውን ነገ አታስረሳው።"

እዚህ ላይ አቶ ጌትነት ዓይኑን ገለጠ። አፉ ግን ቀድሞት ነበር።

ከተቀመጠ በኋላ ማይኩ ምራቁን ሲውጥ ያዘው። አያ ታደገ ማይካቸውን ራሳቸው ነቅለው ሰጡኝ፤ "እግዜር ይስጥልኝ እታለም፣ ባትጠይቁኝም ተናገርኩ" አሉኝ። በኋላ ጋሽ ሰሎሞንን አስበውበት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። "ሽማግሌ ጋብዤ ሳላስመርቅ ልሸኝ ኖሯል?" አሉ።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ጌትነት ቢሮ ሳይገባ እኛ ዘንድ መጣ። ከኋላዬ ተቀመጠ። ቅንብሩ መጨረሻ ላይ ስደርስ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ "ከዚህ ጀምረሽ አውጪው" አለ።

"ምርቃቱን ልቁረጠው?"

ስልኩን አውጥቶ አዲስ አበባ ላሉት ሥራ አስኪያጅ ደወለ። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ሰውየውም ይጮኻሉ፤ ሁሉንም ሰማሁ። "አንድ ሽማግሌ የተናገረውን መቁረጥ ምን ይከብዳል?" ይላሉ። "ምርቃት ነው እኮ ጌታዬ" ይላል። "ቢሆንስ?" አሉት። "እሺ" ብሎ ዘጋ።

"ቁረጪው ብለዋል" አለኝ።

እንጀራዬ መሆኑን አውቃለሁ። ጋሽ ሰሎሞን በሩ ላይ ቆመው ጫማቸውን ያያሉ። በዚያች ሰዓት እሳቸውንም ጠላኋቸው። ተነስቼ ወንበሩን ለቀቅኩለት። "እርስዎ ይቁረጡት። እዚህ ምልክት ያደርጋሉ፣ እዚህም መጨረሻው ላይ፤ ከዚያ ይቺን ይጫኗታል" አልኩት።

ተቀመጠ። ማውሱን ያዘ። ምልክቱን በትክክል አስቀመጠ። ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ቆየ። የሽማግሌ ምርቃት የቆረጠ ሰው እናቱ ቤት ምን ብሎ እንደሚገባ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ግንባሩን ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ እጁን አነሳ።

"የኔን አሜን ብቻ አጥፊልኝ" አለ። እየለመነኝ ነበር።

አሰማሁት። የእሱ አሜን በአያ ታደገ ማይክ ውስጥ አለ፣ በጋሽ ሰሎሞንም ውስጥ አለ፣ በባለሙያውም ውስጥ አለ። ጠባብ ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ የተባለ ነገር ሁሉም ማይክ ላይ ይገባል። የአንዱን ለማጥፋት የሁሉንም ማጥፋት ያስፈልጋል። እስከ መጨረሻው አዳመጠና ማዳመጫውን አስቀመጠ። "እንግዲያው ይሁን" ብሎ ወጣ።

ጋሽ ሰሎሞን "ጫኚው" አሉኝ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ቀኑን ሙሉ ፈጀ። እስኪገባ ድረስ ከወንበሩ አልተነሳሁም።

ቡሬ ገበያ ላይ ሰው ከስልክ ወደ ስልክ ተቀባበለው። ካሳውን የተመለከተ የለም፤ ሁሉም ወደ መጨረሻው እየገፋ ምርቃቱን ነበር የሚያየው። ከሥራ አስኪያጁም ውል መፍረሱን የሚነግር ስልክ መጣ።

ምክር ቤቱ በተሰበሰበ ቀን የሆነውን የነገረኝ የመሬት ባለሙያው ነው። አቶ ጌትነት ስለ አጥሩ አስረድቶ ሲጨርስ አንዲት አባል እጃቸውን አውጥተው "ልጄ፣ አንተ አሜን ብለህ የለም እንዴ?" አሉት። ምርቃት ውል አይደለም፣ በፍርድ ቤት አይቆምም፤ እንዲህ ብሎ ማምለጥ ይችል ነበር። ከአዲስ አበባ መጥተው ከጎኑ የተቀመጡት ሥራ አስኪያጅ ክርኑን ጎሸም አደረጉት። እሱ ግን "ብያለሁ" አለ። ምክር ቤቱ ዕቅዱን ያጸደቀው ምንጩን ከአጥር ውጭ አድርጎ ነው።

አቶ ጌትነት ብዙም ሳይቆይ ከኃላፊነቱ ተነሳ። አዝኜለታለሁ፤ አሁንም አዝንለታለሁ። ያን ሁሉ ጥያቄ የሰረዘብኝም እሱ ነው፣ አፉ ያለውን ያልካደም እሱ ነው።

እኛ ያለ ስፖንሰር ጥቂት ወራት ተንገዳገድን። ከዚያ የብረታ ብረት ነጋዴ የሆኑ ሰው መጡ። ቸር ናቸው፤ "ጥያቄ አላይም፣ እንግዳ አልመርጥም፣ ቀረጻ ላይ አልቀመጥም" አሉ። ጋሽ ሰሎሞን ደስ ብሏቸው እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሳቸውን ሲዳብሱ ነጋዴው "አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ" አሉ። "መጨረሻ ላይ ያቺ ምርቃት ትቅር።"

ጋሽ ሰሎሞን እስክሪብቶውን አላወጡትም። እኔ ኬብል መጠቅለል ጀመርኩ። ፕሮግራሙ በዚሁ ተዘጋ፤ እሳቸው ወደ ማስተማር፣ እኔ ወደ ሠርግ ተመለስን።

ዛሬ በዚህ ሥራ ያላችሁ ልጆች ስለ ስፖንሰር ስትጠይቁኝ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። የሚሰጣችሁን ሳይሆን መጀመሪያ እንዲቀር የሚጠይቃችሁን እዩ። የሚፈራው እሱን ነው፤ ፕሮግራማችሁም ያለው እዚያ ነው።