እህቴና የሰልፈሩ ዱቄት

እህቴን መሥሪያ ቤት ውስጥ «እሽግ» ነው የሚሏት። አፏ እሽግ ነው፣ እጇ የነካው ሁሉ እሽግ ነው። ቤቷ ብትሄዱ የጨው ብልቃጥ እንኳን አፉ ላይ ፕላስተር ተጠቅልሎበት ታገኙታላችሁ። «ማን ይሰርቅሻል እትዬ?» ስላት «አየር» ትላለች። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ የምሯን ነው።

ሥራችንን ልንገራችሁ። ኬሚስቶች ብረትና ሰልፈር የተያያዙበት ዱቄት ያመጣሉ። እሷ ታዘጋጀዋለች፣ እኔ የኤክስሬይ ጨረር እለቅበታለሁ። የጨረሩን ጉልበት ትንሽ በትንሽ ስጨምር፣ ዱቄቱ የት ላይ ጨረሩን እንደሚውጥ ኮምፒውተሩ በግራፍ ይስላል፤ እዚያ ላይ ጉብታ ይወጣል። ጉብታው ወደ ግራ ከሆነ ሰልፈሩ ብረቱን እንደያዘ ነው፣ ደህና። ወደ ቀኝ ከሸሸ አየር አግኝቶታል፣ ተበላሽቷል። የቀረውን የተማሩት ይወቁት፤ ለኔ ግራና ቀኙ ይበቃኛል።

እህቴ እዚህ የገባችው ብልቃጥ ልታጥብ ነበር። ቁጭ አድርጎ ያስተማራት የለም፤ እያጠበች አየች፣ እያየች ያዘችው። ይኸው ሃያ ሦስት ዓመት ሠራች። ጓንት የተተከለበት የመስታወት ሳጥን አላት፤ ውስጡ ናይትሮጅን እንጂ አየር የሚባል የለም። እጇን እስከ ክርኗ ከትታ ዱቄቱን በትንሽ ሙቀጫ ትፈጫለች፤ መድቀቁን በድምፁ ነው የምታውቀው። ከዚያ ታሽጋለች። ለኔም ሥራውን ያስገኘችልኝ እሷው ናት።

ታዲያ አንድ ሰኞ አንድ ዶክተር ከሩቅ አገር ዱቄት በብልቃጦች ይዞ መጣ። ሁለት ዓመት ለፍቶበታል አሉ። ጨረሩን ለቀቅኩበት፣ ጉብታው ወደ ቀኝ ሄደ። ዶክተሩ ግራፉን አየ፣ ቀጥሎ የእህቴን በር አየ። «አየር የነካው እዚያ ነው» አለ። አለቃችን ለብቻዬ ጠሩኝና «ሐሙስ ከዱቄቱ ሁለተኛው ብልቃጥ ይለካል። እሱም ከተበላሸ እህትህን ከዚያ ክፍል አውጥቼ መጋዘን ነው የማስገባት። እስከዚያ ዓይንህን ጣልባት» አሉኝ።

እህቴ እኮ ናት፣ እንዴት እኔን ሰልላት ይሉኛል? እንዲህ ማለት ነበረብኝ። ግን «እሺ» ብዬ ወጣሁ።

ጥርጣሬ ደግሞ አንዴ ከገባ መች ይወጣል! ማክሰኞ ስትፈጭ ከወትሮው የዘገየች መሰለኝ። መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ስታሽ አየሁ። ስታየኝ የሆነ ነገር ጋዋን ኪሷ ውስጥ ከተተች። «ምን ሆነሻል እትዬ?» ስላት «ምን እሆናለሁ?» አለች።  አርጅታለች፣ ዓይኗ ደክሟል፣ ከእኛ ትደብቃለች አልኩ። ወንበሯ ላይ ሙጭጭ ብላ የሰውን ልፋት ገደል ልትከት ነው አልኩ። ጭራሽ እኔው ተናደድኩባት፣ ይታያችሁ!

ረቡዕ ምሳ ስትወጣ ክፍሏ ገባሁ። መሳቢያዋን በረበርኩ። እርሳስ፣ ፕላስተር፣ የእጅ ቅባት። ኪሷ የከተተችውም ይሄው ቅባት ኖሯል። አላረፍኩም፤ ለሐሙስ የታሸገውን አነሳሁ። ከውጭ ደህና ነው፣ ውስጡስ? አንዴ ልየው ብዬ ፕላስተሩን ላጥ አደረግኩት። ልቅም ያለ ሥራ! እንከን አላገኘሁበትም። መልሼ ለጠፍኩና ሹልክ ብዬ ወጣሁ። አየር ምን እንደሚሠራ የማውቅ ሰውዬ ቆሜ እየተነፈስኩበት ነበር እኮ።

ሐሙስ ጉብታው ወደ ቀኝ ሄደ።  እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ እሷ በኔ ጦስ መጋዘን ልትገባ ነው። ግን ግራፉን ብቻ ወስጄ ለአለቃችን ሰጠሁ።

አለቃችን ሰበሰቡን፤ አራት ነበርን፤ እሳቸው፣ ዶክተሩ፣ እህቴና እኔ። «እንግዲህ . . .» ብለው ሲጀምሩ እህቴ አላስጨረሰቻቸውም። የሐሙሱን ዱቄት ማሸጊያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ይሄን ሰው ከፍቶታል» አለች። «እኔ የፕላስተሩን ጫፍ ሁልጊዜ አጥፌ ነው የምለጥፈው። ይሄ አልታጠፈም።»

ዶክተሩ ሳቀ። «ማን ምን ሊያደርግ ይከፍተዋል?»

«እሱን የከፈተው ይንገረን» አለች። ዶክተሩን አፍጥጣ አየችው፤ አለቃችንንም አየቻቸው። እኔ ጋ ስትደርስ ፊቷ ተፈታ። ማሸጊያውን አንስታ እጄ ላይ አኖረችው። «እዚህ ቤት ውስጥ የማምነው ወንድሜን ብቻ ነው። የእጄን ሥራ ያውቃል፤ እሱ ይየውና ይፍረድ። እሱ ያለውን እቀበላለሁ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! «እኔ ነኝ የከፈትኩት» አልኩ።

 እሷ አላየችኝም። ወደ ዶክተሩ ዞረችና «የሰኞውንስ ማን ከፈተው? ሻንጣህ ውስጥ እኛ ያልነካነው ብልቃጥ አለ አይደል? አምጣው» አለችው። ሁላችንም አፍጥጠን እያየናት ከዚያ ብልቃጥ ላይ ቆንጥራ አዘጋጀች፤ እኔ ለካሁ። ጉብታው ወደ ቀኝ ሄደ። ዶክተሩ አንገቱን ደፋ። «መንገድ ላይ ፈታሾች ምን እንደያዝክ ካላየን ብለው ብልቃጦቹን ከፍተውብኝ ነበር» አለ።

ለካ ዱቄቱ ሲመጣም የተበላሸ ነበር። አለቃችን እህቴን ይቅርታ ጠየቋት፤ ክፍሏም ለሷ ጸና። ኮሪደሩ ላይ ሮጬ ደረስኩባት።

«እትዬ፣ ይቅር በይኝ።»

«ዱቄቱን እንደሆነ አንተ አላበላሸኸውም።»

«ይቅር በይኝ አልኩሽ እኮ።»

ቆም አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ምነው ብትጠይቀኝ?» አለች። «ብትጠይቀኝ ኖሮ እኮ ራሴ ከፍቼ አሳይህ ነበር።»