እናቴ የሰውን ገላ የተማረችበት ዘመን

ሐኪም የሕመምተኛን ደረት በጣቱ ሲያንኳኳ በሰማሁ ቁጥር፣ ያ ድምፅ ካለሁበት አንስቶ ሮቢት ቆላ፣ ከወንዙ ማዶ ከነበረችው የጭቃ ቤት ያስገባኛል። አባቴ የግራ እጁን ጣት ጎድኔ ላይ አጋድሞ፣ በቀኝ እጁ ጣት ጫፍ ደብ ደብ እያደረገ ከላይ ወደ ታች ይወርድ ነበር፤ ጉበቴ ላይ ሲደርስ ድምፁ ድንገት ይታፈናል። «ሰማችሁ?» ይላል ወደ ተማሪዎቹ ዞሮ። «የላይኛው ባዶ እንስራ ነው፣ ይኼ ደግሞ ውሃ የሞላ። ሳንባው እዚህ አበቃ፣ ጉበቱ እዚህ ጀመረ።» ተማሪዎቹ እናቴና የቤቱ እመቤት እትዬ ዘይነባ ነበሩ። የሚማሩበት ገላ የእኔ ነበር።

አባቴ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ ድሬሰር ነበር። ከሐኪሞቹ ጎን ቆሞ ቁስል ማጠብ፣ ስብራት ማሰር፣ የተቆረጠ ደም ሥር መቋጠር ተምሮ፣ ከሁሉ ይልቅ ግን አናቶሚ የሚሉትን የገላን ትምህርት ወዶ፣ በእረፍቱ ሰዓት ሳይቀር የአጥንት ስም ሲያጠና ይውል እንደነበር እናቴ ትነግረኝ ነበር። ከተማዋ ስትያዝ እናቴንና እኔን ይዞ ወደ ይፋት ወረደ። የተቀበለን ጋሽ እንድሪስ የሚባል የማሽላ ገበሬ ሲሆን፣ ከዓመታት በፊት ለንግድ አዲስ አበባ ሄዶ በታመመ ጊዜ አባቴ አስታሞት ስለነበር፣ «ቤቱ ያንቱ ነው፣ ሐኪም» ብሎ ከጓሮው ያለችውን ቤት ለቀቀልን። እትዬ ዘይነባ ሚስቱ ናት።

የመጀመሪያው መኸር ንዳድ የበዛበት ነበር። ማሽላው አፍርቶ ሳለ አጫጅ ጠፍቶ፣ ሰዉ በየቤቱ ብርድ ልብስና ቆዳ ደራርቦ ይንቀጠቀጥ ነበር። አባቴ ከሆስፒታል ይዞት የመጣው የንዳድ ኪኒን በዚያው መኸር አለቀ። እኔም ታምሜ ተነስቼ፣ ሆዴ ብቻ ተነፍቶ አጥንቴ የሚቆጠር ልጅ ሆንኩ። ትምህርቱ የተጀመረውም በዚያ ነው። አባቴ የእናቴን እጅ ይዞ ከግራ ጎድኔ ሥር አስገባና «ወደ ውስጥ ተንፍስ» አለኝ። በተነፈስኩ ጊዜ አንድ ጠንካራ ነገር ወርዶ መዳፏን ነካት፤ እናቴም ደንግጣ እጇን ሳበች። «ጣፊያው ነው» አላት። «ንዳድ ያሳበጠው። መድኃኒቱ ያልቃል፣ አልቋልም። ገላው ግን የትም አይሄድም፣ እሱን እወቂ።»

በጋው ሲገባ ከዳገቱ በላይ ያሉት አርበኞች ቁስለኛ መላክ ጀመሩ። ታች በመንገዱ በኩል የጣሊያን ካሚዮን እየበዛ፣ ለመንገድ ሥራ ድንጋይ የሚፈነዳበት ድምፅ ከሩቅ እየተሰማን፣ እኛ ቤት ግን ትምህርቱ ይካሄድ ነበር። «እኔ አንድ ሰው ነኝ» ይል ነበር አባቴ፣ «ነገ ቢይዙኝ ቁስለኛው ማን ጋ ይሄዳል?» እትዬ ዘይነባ መጀመሪያ «እኛ ሴቶቹማ ምን እናውቃለን፣ ሐኪም?» ብላ ነበር። አባቴም ስቆ «ገላውን የሠራችሁት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?» አላት፤ ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም።

በከሰል ጀርባዬ ላይ አከርካሪዬን ተከትሎ መስመር ያወርድ ነበር፤ ከዚያ ኩላሊቶቼን ይስላል፣ ሳንባዬን ይከባል። እኔ እየተኮረኮርኩ ስስቅ ኩላሊቴ ይጣመምና ትምህርቱ እንደ አዲስ ይጀመራል። የእትዬ ዘይነባ ታናሽ ወንድም ሙሄ፣ ያኔ ገና አርበኞቹ ጋ ሳይሄድ፣ በራፉን ተደግፎ «ወላሂ፣ ይኼን ልጅ አንድ ቀን ትበልቱታላችሁ» እያለ ያሾፍብን ነበር። እኔም እወደው ነበር፤ ወንዝ የሚያሻግረኝ በትከሻው ተሸክሞ ነው።

አረፋ ሲደርስ ጋሽ እንድሪስ በግ አረደ። እኛ የእነሱን ሥጋ አንበላም፣ እነሱም የእኛን አይበሉም፤ አባቴ ግን በጉ ሲከፈት ቆሞ ልቡን እንዲያሳዩት ለመነ። እናቴ ከሩቅ ብትቆም እትዬ ዘይነባ «ነይ እንጂ! የተከለከለው መብላቱ ነው፣ ማየቱን ማን ከለከለሽ?» ብላ በእጇ ጎተተቻት። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ልብ ላይ አጎንብሰው ደሙ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ቀዳዳ በጣታቸው ሲፈልጉ ትዝ ይለኛል። አባቴ ከታፋው ውስጥ ወፍራሙን ደም ሥር አውጥቶ፣ ክር እንዴት እንደሚታሰርበት አሳያቸውና እየፈቱ ደጋግመው እንዲያስሩት አደረገ። ለፋሲካ ደግሞ ተራው የእኛ በግ ሆነ።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። የምትማረው በእጇ ነበር። ማሽላ እየፈጨች መሐል ላይ ወፍጮውን ትታ የራሷን ክንድ ትዳብሳለች፤ ስታጎርሰኝ ክርኔን ይዛ ዐይኗን ጨፍና ትቆያለች፣ ጉርሻውም አየር ላይ ይቀራል። አባቴ ያየውን ስሙን ይጠራ ነበር፣ እሷ ግን ስሙ ቢጠፋትም ቦታው አይጠፋትም።

በልጉ ዘንቦ መሬቱ እንደለመለመ አባቴ ተያዘ። ሮቢት ገበያ ጨው ሊገዛ ወርዶ፣ አዲስ አበባ የሚያውቀው አንድ ባንዳ «ይኼ የሆስፒታል ሰው ነው» ብሎ ስለጠቆመው፣ ለመንገድ ሠራተኞች ድሬሰር እንዲሆን ወደ ጣሊያኖቹ ሰፈር ወሰዱት። በሕይወት እንዳለ ሰማን እንጂ አላየነውም። እናቴ አላለቀሰችም። የቀረውን ፋሻ አጥባ ቀቀለችው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣችው፣ ጠቅልላም አስቀመጠችው።

ክረምቱ ሲብስ፣ ወንዙ ሞልቶ ማንም ወዲያና ወዲህ በማይልበት ጊዜ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አራት ሰዎች ከዳገቱ በቃሬዛ ሰው ይዘው ወረዱ። ሙሄ ነበር። ጥይት ጭኑን በስቶት፣ የታሰረበት ኩታ ደም ጠግቦ ይንጠባጠብ ነበር። እትዬ ዘይነባ «ያ አላህ! ወንድሜ!» ብላ ተንበረከከች። እናቴ ኩታውን ስትፈታው ደሙ እየዘለለ መውጣት ጀመረ።

«ብሽሽቱ ላይ ነው የሚያዘው» አለች እናቴ።

ጋሽ እንድሪስ «እትዬ አሰለፈች፣ አንቺ የሰው ሚስት ነሽ፤ እዚያ ቦታ ላይ እጅ ማሳረፍ ነውር ነው» አላት።

«ነውሩ እያየነው ቢሞት ነው፣ ጋሽ እንድሪስ።»

«እኔ እይዘዋለሁ፣ ወንድሜ ነው!» አለች እትዬ ዘይነባ። «ቦታውን ብቻ አሳዪኝ፣ አሰሉ፤ እጄ እምቢ አለኝ።»

እናቴ ጣቷን አሳርፋ ትርታውን ፈለገች፣ አጣችው። ብዙ ደም ስለፈሰሰው ትርታው ደክሞ ኖሯል። ድንገት ዘወር ብላ «ና! ከጎኑ ተኛ!» አለችኝ። ከሙሄ ጎን መሬት ላይ ተጋደምኩ፤ ዐይኑ ተከድኖ ነበር፣ ደሙም ሞቅ እንዳለ ክርኔ ሥር ደረሰ። እናቴ ጣቷን ብሽሽቴ ላይ አድርጋ ትርታዬን አገኘች፣ ከሥሩ ያለውን አጥንት ዳበሰች፣ ከዳሌዬ ጫፍ ምን ያህል እንደሚርቅ በእጇ ለካች። ከዚያ እጇን አንስታ ወደ ሙሄ ወሰደችውና፣ የእትዬ ዘይነባን ጡጫ ይዛ እዚያው ላይ ተከለችው። «እዚህ ጋ። አጥንቱ ላይ ተጫኚው። በሙሉ ክብደትሽ!»

ደሙ ቆመ። እናቴ ቁስሉን ፈልቶ በበረደ የጨው ውሃ አጥባ፣ ሥጋውን በጣቷ ገልጣ የተበጠሰውን ደም ሥር ፈለገች፣ አገኘችውም፤ ዋናው ሳይሆን ከእሱ የተነሳው ቅርንጫፍ ነበር። አባቴ ቀቅሎ ባስቀመጠው ክር ከላይም ከታችም ቋጠረችው።

«አሁን ልቀቂ» አለቻት።

«ፈራሁ።»

«ቀስ እያልሽ፣ ዘይኑ።»

እትዬ ዘይነባ ጡጫዋን አላላች። ቋጠሮው ያዘ። «አልሐምዱሊላህ» አለች እትዬ ዘይነባ፤ እናቴ «ተመስገን» አለችና ፋሻውን ጠቅልላ ጨርሳ፣ ወደ ማሽላው ውስጥ ገብታ አስመለሳት። ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር፤ ሙሄን ማር በውሃ በጥብጣ በትንሽ በትንሹ አጠጣችው። ቁስሉ መግል ይዞ ብዙ አሰቃየው፣ እነሱም ሌት ተቀን እየተፈራረቁ አጠቡት፤ ጳጉሜን ላይ ሙሄ ዱላ ተደግፎ ቆመ።

መስከረም ጠብቶ ወንዙ ሲጎድል አባቴ ከሰፈሩ አምልጦ መጣ፣ ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ። እኔን እንኳ አቅፎ ሳይጠግብ ሙሄ እያነከሰ ሲመጣ አየውና አስቀመጠው። ጠባሳውን ዳበሰ፣ ከዚያ ወደ እግሩ ወርዶ ቁርጭምጭሚቱ አጠገብ ትርታውን ፈለገ። ደሙ እስከ እግሩ ጣት ይደርሳል። «ማን ነው ያሰረው?» አለ። ሙሄ በአገጩ እናቴን አሳየው። አባቴ ነገሩን ከመጀመሪያው እንድትነግረው ጠየቃት፤ እሷም ነገረችው፣ ቦታው ሲጠፋት በእኔ ላይ እንደፈለገችው ሳይቀር።

ከመስቀል በኋላ ትምህርቱ ሲጀመር ከጎረቤት አዳዲስ ሴቶች መጡ። እኔ እንደ ልማዴ ከሱሪዬ በቀር ሁሉን አውልቄ ቆምኩ። አባቴ ግን አልተነሳም። ከተማሪዎቹ ጋር መደቡ ላይ ተቀምጦ፣ ከሰሉን ለእናቴ ዘረጋላትና «አንቺ ጀምሪ» አላት። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ መጣችና እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። በሕይወቴ የዚያን ቀን ያህል ቀጥ ብዬ የቆምኩበት ጊዜ የለም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላም ሮቢት ቀረን። ዕድሜዬ ደርሶ አዲስ አበባ የጤና ትምህርት ገብቼ አናቶሚ ስጀምር፣ የምንማረው በአስከሬን ነበር። ለእረፍት ቤት ስመለስ ጡንቻውን አንድ በአንድ እየገለጥን እንደምናይ ለእናቴ በጉራ ነገርኳት። እሷም እስከመጨረሻው አዳምጣኝ «የማን ልጅ ነው?» አለችኝ።

«ማን?»

«የምትማሩበት ሰውዬ።»

«አይታወቅም፣ እማዬ። ጠያቂ የሌለው ነው።»

«ታዲያ ስትጀምሩ ነፍስ ይማር አትሉም?»

ትምህርት ሲከፈት፣ ጓደኞቼ እንዳይሰሙኝ ድምፄን ዋጥ አድርጌ አልኩለት።

ዛሬ እኔም አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ በሥዕል ያማረ መጽሐፍ አላቸው፤ ጉበቱ ወጥቶ ተመልሶ የሚገባ የፕላስቲክ ሰው አላቸው፤ የእያንዳንዷን ደም ሥር ስም እናቴ ሰምታው በማታውቀው ቋንቋ ይጠሩልኛል። ብዙ ያውቃሉ፣ እኔም ደስ ይለኛል፤ እሷም ብታያቸው ደስ ይላት ነበር። እነሱ መጀመሪያ ገላውን ለዓመታት ያጠናሉ፣ ሰውየው በኋላ ይመጣል፣ ስሙንም ከካርዱ ላይ ያነቡታል። እናቴ ግን ከገላው በፊት ሰውየውን ታውቀው ነበር።